ኬላዋ ፊት የሚቆመው መኪና

«አባባ፣ ማንም የለም እኮ!» አለች ብሮና።

አያቷ አባባ ፌሊም ከትምህርት ቤት እየመለሷት ነበር። እንደ ወትሯቸው መኪናውን ከፈራረሰችው የኬላ ቤት ፊት አቁመው መስኮቱን እስከ ታች አወረዱት። የጥር ጉም ዘው ብሎ ገባ። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው በር የሌለውን የቤቱን መግቢያ ትክ ብለው ያያሉ። አንድ ሰው ከዚያ ወጥቶ «ምን ጭነሃል?» እስኪላቸው የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። የብሮና ስልክ ጢው አለ፤ ኔትወርኩ ወደ ደቡቡ አገር ተቀየረ። እዚህ ቦታ ላይ ሁለት አገር እንደሚለያይ የሚናገር ሌላ ነገር የለም። መንገዱ ጥቂት ማይል ደቡቡን አቋርጦ ወደ ሰሜኑ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳል።

አንድ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ መስኮቱን ዘግተው ነዱ።

ቤት ውስጥ ይሄ ነገር መቀለጃ ነው። እናቷ «የጉምሩክ መንፈስ እየፈተሻቸው ነዋ!» ትላለች። ብሮናም ከልጅነቷ ጀምራ ስትስቅ ነው የኖረችው። ዛሬ ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋ ውስጥ ለሐሙሱ ክርክር ያዘጋጀቻቸው ሦስት ካርዶች አሉ። ሁለቱ ተጽፈዋል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው።

የክርክሩ ርዕስ ሰሜኑ ከለንደን ጋር አብሮ ከአውሮፓ ኅብረት የሚወጣበት ስምምነት ነው። ለንደን ያለው ፓርላማ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅ ይሰጥበታል፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከእሱ ሌላ ወሬ የለውም። ብሮናና ኪያራን ደግፈው ይከራከራሉ፤ ሄዘር ሞፊትና ጆርጅ ይቃወማሉ። ትልቁ ጭቅጭቅ «ዋስትና» በሚሉት አንቀጽ ላይ ነው፤ ሌላ መላ እስኪገኝ ድረስ እዚህ ድንበር ላይ ዳግም ኬላ እንዳይተከል የሚያደርግ አንቀጽ።

«ባዶውን ካርድ ምን ላይ እንደምታውዪው ልንገርሽ?» ብሏት ነበር ኪያራን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ። «ኬላዋን! እዚያ ሰው በቦምብ ሞቷል። የሞተው ደግሞ የራሷ የሄዘር አያት ነው። ‹ኬላ ከተመለሰ ይሄ ይመለሳል› ካልሻት ምን ትመልስልሻለች? ተዘረረች በቃ!»

«ጓደኛዬ ናት እኮ!»

«ክርክር ነው አቦ! ሲያልቅ ቺፕስ ትጋብዣታለሽ።»

ሄዘርና ብሮና አንደኛ ዓመት ላይ አንድ ዴስክ ከተጋሩ ጀምሮ አልተለያዩም። የአንዷ ቤተሰብ ካቶሊክ፣ የሌላዋ ፕሮቴስታንት መሆኑን ረስተውታል ባይባልም ቀልደውበታል። ስለ ወንድ ልጅ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ሒሳብ መምህሩ ካልሲ አውርተዋል። ስለዚያች የፈረሰች ቤት ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የሄዘር አባት ከተማ ለመሄድ ሰባት ማይል ዞሮ በሌላ መንገድ ነው የሚነዳው። ለምን እንደሆነ ብሮና ሳይነገራት ታውቃለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባባ ፌሊም ከብቶቹ ቤት ውስጥ ለጥጆቹ በባልዲ ወተት እየሰጡ ነበር። አንዷ ጥጃ ገና መጠጣት አልለመደችም፤ እሳቸው ሁለት ጣታቸውን ወተቱ ውስጥ ነክረው አፏ ውስጥ አድርገዋል።

«አባባ» አለች ብሮና፣ ሌላውን ባልዲ አንስታ። «ኬላዋ ጋ ለምንድነው የሚቆሙት?»

አባባ ፌሊም ቀና አሉ። ጥጃዋ ጣታቸውን እየጠባች ነው።

«ይገርምሻል» አሉ ቀስ ብለው። «በግጭቱ ዘመን ጦሩ ቆፍሮ የዘጋው መንገድ ሰላም ሲወርድ ከተከፈተ ወዲህ ስቆም ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ። እናትሽ ትስቃለች። ጎረቤት ከኋላዬ ክላክስ ያደርጋል። አንቺም ‹ማንም የለም› ትይኛለሽ። ‹ለምን?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ለክርክሩ ነው የፈለግኩት» አለች ብሮና፤ ወዲያው ግን አፈረች።

አባባ ፌሊም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት በነበረው ቀን አመሻሽ ላይ ድንበሩን ከሚቃወሙት ታጣቂዎች ጋር የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው አጥሩ ጋ መጣ። ስሙን አልነግርሽም፤ ሞቷል። ‹ነገ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ በኬላው መንገድ እንዳትመጣ› አለኝና ሄደ። በዚያ ዘመን እንዲህ ስትባይ ምን እንደሆነ አትጠይቂም። ገብቶሻል።»

«እና?»

«እና ሁለት ጥጆች ደቡብ ገበያ መውሰድ ነበረብኝ። በሦስት ሰዓት ተኩል ኬላው ጋ ደረስኩ። አሌክ ሞፊት ነበር ተረኛው። የዚያች የጓደኛሽ አያት። እንደ ሁልጊዜው ቅቤ ደብቄ እንደሆነ ብሎ ከጭዱ ሥር እጁን ሰደደ። ሳቀና ‹አንተ ኮንትሮባንዲስት፣ ብርድ ነው፤ ስትመለስ ጎራ በል። ሻይ ጥጄ እጠብቅሃለሁ› አለኝ።»

ጥጃዋ በአፍንጫዋ ጉልበታቸውን ገፋች። እሳቸው አላዩዋትም።

«አፌን ከፈትኩ፣ ብሮናዬ። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ቃል አልወጣም። ቀድመው ስልክ ይደውላሉ፣ ሰው ያስወጣሉ፣ ቤቱን ብቻ ነው የሚያፈርሱት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ፈርቼም ነበር። የተናገረ ሰው መንገድ ዳር ተጥሎ ይገኝ ነበር ያኔ። ‹እሺ› ብዬው ሄድኩ። ስመለስ በረግረጉ በኩል ዞርኩ። እዚያ ሆኜ ፍንዳታውን ሰማሁት።»

ብሮና ባልዲውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወተቱ ሲፈስ እንኳ አላወቀችም።

«አፍህን ስትዘጋ ሰው ይሞታል ብሎ የነገረኝ የለም። ለቅሶው ላይ ሄጄ የሚስቱን እጅ ጨበጥኩ። ያ ልጇ፣ የጓደኛሽ አባት፣ አራት ዓመቱ ነበር፤ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ጫማዬን ያያል።» አባባ ፌሊም ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ከሞፊቶች አንዱ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሄጄ ደጃቸውን ማንኳኳቱ ግን አቃተኝ። ፈሪ ነኝ። ለክርክርሽ ይበቃሻል?»

በቃት። ከሚበቃትም በላይ ነው። ማታ ካርዱን አውጥታ «ሻይ ጥጄ እጠብቅሃለሁ» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አዳራሹ ይሄን ቢሰማ ጸጥ እንደሚል ታውቃለች። የአያቷን ስም ሳትጠራ ልትናገረው ትችላለች፤ በአንድ አረፍተ ነገር ታሸንፋለች። ሄዘር ግን ይህቺ ቃል ከየት እንደመጣች ትጠይቃለች። ዝም ካለችም ነገ ከሄዘር አጠገብ ትቀመጣለች፣ እርሳስ ትዋሳለች፣ ትስቃለች። አባባ ፌሊም ያንን እጅ እንደጨበጡት ማለት ነው። ይሄኛው ነው የባሰ ያስፈራት።

ረቡዕ ጠዋት አያቷ ትምህርት ቤት ሊያደርሷት ወጥተው ኬላዋ ፊት ሲቆሙ ጉሙ በመግቢያው ሲወጣ የሻይ እንፋሎት መሰላት። ዓይኗን ጨፈነች። ዛሬ «ማንም የለም» አላለችም፤ ያለ ይመስል ነበርና።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኪያራን ስለ ወተት ተናገረ፤ አንዱ ሊትር ካርቶን ውስጥ እስኪገባ ድንበሩን ስንቴ እንደሚሻገር ቆጥሮ ሰዉን አሳቀው። ጆርጅ «ሕዝብ ውጡ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል፤ በግማሽ መውጣት መውጣት አይደለም» አለ፤ ከኋላ ያሉት አጨበጨቡለት። ከዚያ ሄዘር ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም።

«እናንተ ኬላ ስትሉ ጭራቅ ነው የምታወሩት» አለች። «እኛ ቤት ኬላ ማለት አያቴ ነው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ዳቦውን ቋጥሮ የሚሄድበት ሥራው ነበር። ሲሞት አገሩ ሁሉ መጥቶ የሴት አያቴን እጅ ጨብጧል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ሱቅ ስትገባ የሰው ፊት ታያለች። ‹አንተ ታውቅ ነበር? አንቺስ አስቀድሞ ተነግሮሽ ነበር?› ትላለች በልቧ። ማን እንዳደረገው መጠየቅ ትታዋለች። ማን ያውቅ እንደነበር ብቻ ነው የሚያንገበግባት።»

ወደ ደጋፊዎቹ ጠረጴዛ ዞረች።

«ስለዚህ ማናችሁም እሱን ለነጥብ ብላችሁ እንዳትጠሩት። እኔም ለነጥብ አይደለም የጠራሁት። ተቃውሞዬ ሌላ ነው። ይሄ ስምምነት ኬላውን ከዚህ አንሥቶ እኛንና ለንደንን የሚለየው ባሕር ላይ ይተክለዋል። እናንተን ደቡብ ካሉ ዘመዶቻችሁ እንዳይለይ ተብሎ እኛን ከገዛ አገራችን ይለየናል። የእኛስ ቤተሰብ በቂ አልከፈለም?»

የመዝጊያው ተራ የብሮና ነው። ኪያራን ከጠረጴዛው ሥር በክርኑ ጎሸማት። «አሁን! ራሷ በሩን ከፈተችልሽ እኮ!»

ብሮና ሦስቱን ካርዶች ይዛ ቆመች። የመጀመሪያውን አነበበች፤ ሁለተኛውን አነበበች። ስለ ቀረጥ፣ ስለ ሆስፒታል አምቡላንስ፣ ድንበር ተሻግረው ስለሚማሩ ልጆች። ሦስተኛውን ካርድ አየችው። ከዚያ ሁለት ቦታ አጠፈችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ጨርሻለሁ» አለች።

አዳራሹ ድምፅ ሲሰጥ በዐሥራ አንድ ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። «ምን ነካሽ? ያምሻል እንዴ?» እያለ ኪያራን ኮሪደሩን እስኪጨርሱ ተከተላት። ዓይኗ ሄዘርን ነበር የሚፈልገው፤ በሩ አጠገብ ስካርፏን ስትጠመጥም አገኘቻት።

«አሸነፍሽን አይደል?» አለች ብሮና።

«አንቺ አልተከራከርሽም እኮ። ሼም ነው፤ እንዲህ ማሸነፍ ደስ አይልም።» ሄዘር ፈገግ ልትል ሞከረች። «አባቴ ስብሰባ ስላለው ይዘገያል። እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ብሮና ዝም ብላ «ደህና ዋይ» ብትል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል።

«እኛ እናድርስሽ» አለች። «በአጭሩ መንገድ ነው የምንሄደው። የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሄዘር ስካርፏን አጥብቃ ጨበጠች። «አይቼው አላውቅም፤ አንድ ቀንም» አለች። «እሺ። እንሂድ።»

ከበሩ ውጭ በመኪናቸው ይጠብቁ የነበሩት አባባ ፌሊም ከኋላ የገባችውን ልጅ መጀመሪያ አላወቋትም። ብሮና ከፊት ተቀምጣ «ሄዘር ሞፊት ናት፣ አባባ። ቤቷ እናድርሳት» ስትል ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። በመስተዋቱ አዩዋት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አዩ። ብሮና ዓይኗን አልሰበረችም፤ ግን ምን አድርጌባቸው ነው ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«እንደምን ነሽ፣ ልጄ» አሉ አባባ ፌሊም።

«ደህና ነኝ፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።»

መንታ መንገዱ ጋ ሲደርሱ አባባ ፌሊም የግራውን ፍሬቻ አበሩ። በግራ ያለው የሄዘር አባት የሚዞርበት ረጅሙ መንገድ ነው። ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ይላል። ከኋላ መኪና የለም፤ ከፊትም የለም። ብሮና እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ የታጠፈውን ካርድ ጨበጠች። ውሳኔው የእሷ አይደለም።

አባባ ፌሊም ፍሬቻውን አጠፉና ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ጉሙ ከባድ ነበር። ኬላዋ ከውስጡ ብቅ ስትል ሄዘር ወደ መስኮቱ ተጠጋች። መኪናው ቆመ። መስኮቱ ወረደ። የሁለቱም ልጆች ስልክ እኩል ጢው አለ። ጣሪያውን ሰብሮ የወጣው ዛፍ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ በመግቢያው ውስጥ ጨለማ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ደቂቃ ሆነ። ከዚያም አለፈ።

«አባባ» አለች ሄዘር ከኋላ፣ በጣም ዝግ ብላ። «ለምንድነው የቆምነው?»

ቀልዱ የብሮና ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «የጉምሩክ መንፈስ እየፈተሸን ነዋ» ብትል ሁሉም ይስቃል፤ መስኮቱ ይዘጋል፤ ይነዳሉ። ከንፈሯን ነከሰች።

አባባ ፌሊም ቁልፉን አዞሩና ሞተሩን አጠፉት።

ብሮና በሩን ከፍታ ወረደች። በጉሙ ውስጥ ዞራ የኋላውን በር ከፈተችና ከሄዘር አጠገብ ገብታ ተቀመጠች። ሄዘር ግራ ገብቷት አየቻት፤ ብሮና እጇን ስትይዝ ግን አልከለከለቻትም።

«ያን ቀን ጠዋት» አሉ አባባ ፌሊም፣ ዓይናቸውን ከመግቢያው ሳያነሡ፣ «አያትሽ ሻይ ጥዶ ሊጠብቀኝ ነበር።»