ዳማው የሚፈራው ቃል

ዳማው ፈረስ መሰናክሉ ሥር ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ልጅቷ ጋማው ላይ ተደፋች። ዛሬ ሲቆምባት ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«ጥይት ከሸፈች» አለ አጥሩ ላይ የተቀመጠ የቡድን ጓደኛዋ። ጥይት የሚሏት ፈረስ ላይ ስለምትፈጥን ነው። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ላለመሸነፍ ሳቀች።

አሰልጣኙ አልሳቀም። ፈረሱን ምን ነካው ብሎ ጠየቃት።

«ፈሪ ነው» አለች።

በፈረስ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ቆሞ አይሟገትም። አሰልጣኙ፣ እንግዲያው ዳማው ነገ ለባለጋሪ ይሰጣል፣ አንቺም ለቅዳሜው ውድድር አምባላዩን ፈረስ ትወስጃለሽ አላት። አምባላዩ የክለቡ ምርጥ ነው፤ ዓመት ሙሉ ተመኝታዋለች። ደስ ሊላት ሲገባ ቅር አላት።

ጋጣ ውስጥ ኮርቻውን ስትፈታ ባልደራሱ፣ ፈረሶቹን የሚቀልቡት ሽማግሌ፣ ብሩሻቸውን ሳያቆሙ መሰናክሉ ጋ ስትደርስ ምን እንደምትለው ጠየቋት።

«አይዞህ ነዋ ጋሼ። እንዲበረታ።»

እዚህ ገብስ ሲበላስ ብላው ታውቅ እንደሆነ ጨምረው ጠየቋት። አስታወሰች። አላለችም። መጀመሪያ ያለችው አምና ወድቃ የተሰበረው ትከሻዋ ድኖ ወደ ፈረስ በተመለሰችበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህም መሰናክል ሲቀርብ ብቻ።

«ሰው አይዞህ የሚባለው ሐኪም ቤት ነው፣ መርፌ ሊወጉት ሲሉ» አሉ ባልደራሱ። «እሱስ ሞኝ መሰለሽ? አንቺ ልጓሙን ጨምድደሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ እሱን ታጽናኛለሽ። ማን ማንን ነው የሚያጽናናው?»

ተናደደች። እኔ አልፈራሁም ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ግን ወደ ዳማው ዞረች። መሰናክል የለም፤ ሣርና ግድግዳ ብቻ። ቀስ ብላ «አይዞህ» አለችው።

ዳማው ማኘኩን አቆመ። ጆሮውን አጣብቆ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ልጅቷ የፈታችውን ኮርቻ መልሳ ጫነች።

አሰልጣኙ ሜዳው ዳር የቅዳሜውን ተወዳዳሪዎች ዝርዝር ይጽፋል። ቀልደኛው ጓደኛዋ አሁንም አጥሩ ላይ ነው። እሱ ሳይሰማ ለመናገር ፈለገች፤ ግን ከአጥሩ የሚወርድ አይመስልም።

«ኮች፣ ፈሪው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ከወደቅኩ ጀምሮ እፈራለሁ። ለባለጋሪ አትስጠው።»

አሰልጣኙ ከዝርዝሩ ቀና አለ። ያንን ካመንሽ ቅዳሜ አትወዳደሪም አላት። አውቃለሁ አለች። ዝርዝሩ ላይ ስሟን ሰረዘ፤ ዳማውም ለጊዜው ይቆይ አለ።

የመሰናክሉን አግዳሚ እንጨት ከጉልበት እስከማያልፍ ዝቅ አደረገችና፣ ፈረሱ ላይ ወጥታ ከሩቅ ወደ እሱ አዞረችው። ጣቶቿ ልጓሙን ሊጨመድዱ ሲሉ ላላ አደረገቻቸው። አግዳሚው ቀረበ፤ የለመደችው ቃል ከንፈሯ ድረስ መጣ።

ቃሉን ዋጠችው። ትንፋሿን ለቀቀችው።