የቀስቷ ጀርባ

አቶ ኦርቪል ታክስትራ፣ ኮልተር ፎርድ በሚባለው መገንጠያ ላይ፣ በገዛ እጃቸው ከተከሉት የመንገድ ምልክት ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው የአሉሚኒየም መሰላል ወድቋል። ዋዮሚንግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያጥባት የሰነበተው ዝናብ ያባራው ገና ትናንት እኩለ ቀን ላይ ስለነበር ምድሩ ጭቃ ነው።

አስከሬኑን ያየው የግሬደር ሹፌሩ ዴል ፕሩዊት ነበር። መርማሪዋ ማይቴ ኢቼቬሪ ስትደርስ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆሞ አገኘችው።

«ከመሰላል ወድቀው ነው መሰለኝ» አላት። «ዓይናቸውም እንደነገሩ ነበር።»

ማይቴ ምልክቱን ሽቅብ አየችው። ከላይ በበሬ የሚሳብ ጋሪ ተስሏል፤ የጥንቶቹ ተጓዦች ወደ ምዕራብ ያለፉበትን መንገድ ለዛሬ ሹፌሮች ያመለክታል። ከሥሩ፣ በሰው ደረት ልክ፣ ቀስት ያለባት ትንሽ ሰሌዳ በብሎን ታስራለች። ቀስቷ ወደ ግራ፣ ወደ ሸለቆው ታሳያለች።

እውነተኛው መንገድ ግን በቀኝ ነው፤ በወይዘሮ ኧርማ ሎፍተስ የበግ እርባታ በኩል። ባለፈው ኅዳር ካሪሳ ቮን የተባለች ወጣት አስተማሪ ቀስቷን አምና ወደ ሸለቆው ገባች፤ በረዶው መውጫ ዘጋባት። በዘጠነኛው ቀን መኪናዋ ውስጥ በብርድ ደርቃ ተገኘች። አገሩ ሁሉ «ዓይነ ሞራው ሽማግሌ ገልብጦ ሰቀላት» አለ። ምልክቱ ጆንያ ለበሰ። አቶ ኦርቪል ራሳቸውም አመኑ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሸለቆው አፍ ላይ መኪናቸውን አቁመው፣ መስኮቱን ከፍተው እስኪመሽ ይቀመጡ ነበር። ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «እጠብቃታለሁ» ይላሉ።

አሁን ጆንያው ተገፎ ጭቃው ላይ ወድቋል።

«ዴል፣ ያቺን ቀስት ለመንካት መሰላል ያስፈልግሃል?»

«እኔ? ኧረ በክርኔም እደርስባታለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውማ ከኔም ይረዝማሉ።»

«የመሰላሉን እግር እየው እስቲ። ጭቃ ነክቶታል?»

ዴል ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። የመሰላሉ እግር ንጹሕ ነበር፤ ማንም አልቆመበትም። ሽማግሌው የወደቁት በፊታቸው፣ የተፈነከቱት ግን ከማጅራታቸው በላይ ነው።

ማይቴ ከምልክቱ ጀርባ ዞረች። ቀስቷ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ለማንበብ አንገቷን እስኪያማት አዘመመች።

«በረዶ ከመግባቱ በፊት የሸለቆውን መግቢያ በር መቆለፍ ያንተ ሥራ ነበር አይደል?»

ዴል አቀረቀረ። «ነበር። ነገ እቆልፋለሁ ብዬ ተውኩት። በማግስቱ በረዶው መጣ። ሽማግሌው ጥፋቱን ለብቻቸው ሲሸከሙ አፌን ዘጋሁ።»

የታሪካዊው መንገድ ማኅበር ሊቀመንበር ግዌን አሽቢ ቢሮዋ ውስጥ ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻት።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ኦርቪል ደወለልኝ» አለች። «ይሳቅ ያልቅስ አልለይህ አለኝ። ‹ቅዳሜ ስብሰባ ጥሪልኝ፣ አንድ ነገር አግኝቻለሁ› አለ። እኔ ደግሞ ምልክት የመስቀሉን ሥራ ሊለቅልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«በበረዶው ሳምንት እሳቸው የት ነበሩ?»

«ካስፐር ከተማ፣ ሐኪም ቤት። የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ እኔው ነድቼ ወሰድኩት። መንገድ ተዘግቶብን አሥር ቀን ተቀመጥን።»

ወይዘሮ ኧርማ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድንች ይልጡ ነበር። ከሸለቆው አጠገብ ያለው ቤት የእሳቸው ብቻ ነው።

«ተቀመጪ እንጂ። ፖሊስ ቆሞ ሲያየኝ ልጣጩ ይወፍርብኛል።»

ማይቴ ተቀመጠች። «ሰውየው ጠላት ነበራቸው?»

«ኦርቪል? ምን ጠላት አለው! ክላክሷ ነው የጨረሰችው።»

«የምን ክላክስ?»

«የልጅቱ ነዋ። ሦስቴ፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ ሦስቴ፣ ከዚያ ዝም። ይህን እየሰማ ሰው እንዴት ይተኛል?»

«እርስዎም ሰምተው ነበር?»

ቢላዋው ቆመ። «እኔማ ላራሚ ነበርኩ፣ እህቴ ዘንድ። እሱ ነው የነገረኝ።»

ቅዳሜ ዴል፣ ግዌንና ወይዘሮ ኧርማ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ማይቴ ቀስቷን አስፈትታ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት።

«አቶ ኦርቪል የሚሰቅሉትን ሰሌዳ ሁሉ ከሰቀሉ በኋላ ከጀርባው ስማቸውንና ቀኑን ይጽፉበታል» አለች። «ይህቺ ተሰቅላ ሳለ ጽሑፉ ተዘቅዝቆ ነበር። ሰው ተዘቅዝቆ አይጽፍም። ስለዚህ በትክክል ሰቅለዋት ነበር፤ ከሳቸው በኋላ አንድ ሰው ፈትቶ ገለበጣት። ቀኝ የነበረው ግራ ሆነ። ጆንያውን ሲገፉ፣ በዳነው ዓይናቸው ያዩት ይህንን ነው።»

ግዌን አፏን በእጇ ያዘች።

«የገደላቸው፣ ይህ እንዳይወራ የፈራው ሰው ነው። ዴል፣ ያንተ ጥፋት በሩ ነው፤ በሩን ደግሞ የቀስቷ መገለበጥ አያጋልጠውም። ግዌን፣ የሳቸው ስም ቢጸዳ የሚጠቀመው ያንቺ ማኅበር ነው።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ካሪሳ መኪናው ውስጥ ሆና ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። ‹በየሰዓቱ ሦስት ሦስት ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ› ይላል። ያንን ገጽ ከአባቷና ከእኛ ከፖሊሶች በቀር ያየው የለም። አቶ ኦርቪል ካስፐር ሆነው አልሰሙትም፤ ያልሰሙትን ሊነግሩዎ አይችሉም። እህትዎን ጠየቅኋቸው። በኅዳር እሳቸው ዘንድ አልሄዱም።»

ወይዘሮ ኧርማ ቀስቷን ከፊታቸው ገፋ አደረጓት።

«ቱሪስቶቹ የእርባታዬን በር ከፍተው ትተውት ይሄዳሉ» አሉ። «አርባ በግ አስፋልት ላይ አለቀብኝ። ሸለቆው መውጫ እንደሌለው አይተው ይመለሱ፣ ይሰልቻቸው ብዬ ነው። ሰው ይሞታል ብዬ አይደለም።»

«ክላክሷን ሲሰሙስ?»

«ቦቲዬን አጠለቅሁ። ‹ቀስቷን ማን አዞራት› ይሉኛል ብዬ መልሼ አወለቅሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠለቅሁ፣ አወለቅሁ። በሦስተኛው ዝም አለች።»

«አቶ ኦርቪልስ?»

«መንገድ ላይ አየኝና እጁን እያወዛወዘ ጠራኝ። ጎረቤቱ ነኛ! ‹እኔ አይደለሁም፣ ኧርማ! እኔ አልነበርኩም!› እያለ እንደ ልጅ አቀፈኝ። ጥርጣሬ አልነበረውም። ከዚያ ፊቴን አየ። ምንም አላለኝም። ወደ መኪናው ዞረ። የሱ መዶሻ እዚያው ምልክቱ ሥር ነበር።»

ማይቴ ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እናታቸው የሞተችባቸው ስድስት ጠቦቶች አሉኝ። በጡጦ ነው የሚጠቡት። ወተቱ ካልሞቀ እሺ አይሉም።»

ዴል ተነሣ። «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ጠቦቶቹ ከጋጣው ይጮሁ ነበር። ጡጦ ፍለጋ ክፍል በክፍል ዞረ። የመኝታ ቤቱን በር ሲከፍት በቀትር ጨለማ ተቀበለው፤ መብራቱን አበራ። ወደ ሸለቆው በሚያየው መስኮት ላይ የበግ አጎዛ በምስማር ተመትቷል፤ በአጎዛው ላይ ሌላ አጎዛ፣ በዚያም ላይ ሌላ፤ የተረፈችው ስንጥቅ ሁሉ በሱፍ ተጠቅጥቃለች። አልጋው ከዚያ ግድግዳ ሸሽቶ ተቃራኒው ጥግ ላይ ተለጥፏል።

ዴል መብራቱን አጠፋና ወተቱን ሊያሞቅ ወጣ።