ትንፋሽ የበዛበት ሞተር

«እግርሽ ነው እንጂ መኪናዋ ምን አደረገችሽ!» አለ አባቷ፣ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ጨምድዶ።

ታላቋ እህት ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብላ ረገጠች። መኪናዋ መጀመሪያ አሰበችበት። ከዚያ ተንገዳገደች፤ በመጨረሻ አለንጋ እንዳረፈባት ሰነፍ በቅሎ ዘለለች። ከኋላ የተቀመጠችው ታናሿ ግንባሯን ከፊተኛው ወንበር ጋር አላተመች።

ታናሿን፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋዜጣ» ይላታል። ጠዋት ዝንብ ካየች፣ ማታ ዝንቡ ጭልፊት ሆኖ ሁለት በግ ነጥቆ ሄዷል። ዛሬ ግን ከቤት ከወጡ ጀምሮ ትንፍሽ አላለችም።

ምክንያት አላት። ትናንት የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ «የኛ መኪና ትተነፍሳለች፤ አንዴማ ድመት ስባ እስከ ወገቡ ውጣው፣ ጅራቱን ይዤ ነው ያወጣሁት!» አለች። «ውሸታም!» አሏት። ውሸታም ሲሏት ደሟ ይፈላል፤ በተለይ ስትዋሽ። አባቷ ሞተሩን አስነስቶ ስልክ ሊያነሳ ቤት ገባ። ያኔ ኮፈኑን ከፍታ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ መነጨቀች። ሞተሩ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ተራ በተራ ክፍቱን ቀዳዳ በጣታቸው ሲደፍኑት ጣታቸውን ይስባል፤ ሞተሩም መንቀጥቀጡን ትቶ ጸጥ ይላል። ጭብጨባው ቀለጠ! የአባቷ ኮቴ ሲሰማ ቱቦዋን እንደነገሩ መልሳ ወተፈችና እግሬ አውጪኝ አለች።

«በቃ፣ አልፈተንም» አለች ታላቋ፣ መኪናዋን ጥግ አስይዛ። «ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሦስተኛውን ቤቴ ቁጭ ብዬ ልውደቅ።»

አባታቸው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ዛሬ ስምንት ሰዓት፣ በዚችው መኪና ነው። የገዛ ልጁ እጁ ላይ መውደቋ ያንገበግበዋል። ቢሆንም የልጁን ፊት ሲያይ ለዘበና «እስቲ ለዶክተር እናሳያት» አለ።

ዶክተር መካኒክ ነው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ስለሚለጥፍ ነው ስሙ የወጣለት።

«ልጅቱን ተዋት ወንድሜ» አለ አዳምጦ። «ቆማ እንኳን ትንቀጠቀጣለች፤ ሚኒሞዋ፣ ቆማ የምትዞረው ዙር፣ ልክ አይደለም። የቆመች መኪና ላይ ደግሞ የማን እግር አለ?»

መመርመሪያ ማሽኑን ሰካ። «አየር በዝቶባታል ይላል። ወይ ቤንዚኑ አንሷል፣ ወይ አየር ሾልኮ እየገባ ነው።» ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች እየፈታ አየ፤ ደህና ናቸው። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው። «እንግዲህ የቤንዚን ፓምፑ ይሆናል። ታንከሩን ላውርድ፤ ለነገ ትደርሳለች።»

«ለነገ?» አለች ታላቋ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ትፈታ፣ ታስር ጀመር።

ጋዜጣ ይህን ማየት አቃታት። ዶክተር ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዳምጥ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ በክንዱ ሥር ሾልካ የቱቦዋን ጫፍ ዳበሰች። ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በጣቷ ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው።

ሞተሩ ጡጦ እንደጎረሰ ሕፃን ዝም አለ።

ዶክተር ሞተሩን አየ፣ ልጅቷን አየ። «በስመ አብ! በምን አወቅሽ?»

«የኔ ልጅ!» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ።

«ጆሮ ነው! ይቺ ልጅ ጆሮ አላት!» አለ ዶክተር።

ወሬው በራሱ ጊዜ ጋዜጣ ምላስ ላይ መጥቶ ቆመ፦ ገና ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ በሰማይ የሚያልፍ አውሮፕላን ሞተሩ መታመሙን በድምፁ ለይታ፣ አብራሪው ዝቅ ብሎ በመስኮት አመስግኗት...

ዶክተር የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ፣ ደህናውን ገፍቶ አጠበቀው። ታላቋ መሪ ጨብጣ ነዳጅ ሰጠች። መኪናዋ እንደ ቅቤ ሾለከች።

«ሄደች! አባዬ፣ ሄደች እኮ!» ጩኸቷ ጋራዡን ሞላው።

«ግን ይሄ በራሱ አልተሰነጠቀም» አለ ዶክተር፣ ቁራጩን እያገላበጠ። «ሰው ጎትቶታል።»

«ትናንት መኪናዋን ያጠበው ልጅ ነዋ! ሌላ ማን ይነካታል? ሁለተኛ ደጄን አይረግጣትም!» አባቷ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

አጣቢውን ጋዜጣ ታውቀዋለች። የመስታወት መጥረጊያዋን እንኳን ሲያነሳ እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው።

ስልኩ አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ታላቋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አንቺ የኔ ጀግና!» እያለች ነው። አውሮፕላኑም ጋዜጣ ምላስ ላይ እንደቆመ ነው።

ዋጠችው።

«አባዬ፣ ሳያነሳ ዝጋው። እኔ ልንገርህ።»

አባቷ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። «ደግሞ የምን ተረት ልታመጪ ነው?»

«ይሄኛው አጭር ነው» አለች።