የጂጂ ውሃ

አቶ አለማየሁ በትምህርት ቤቱ የውሃ ማማ ሥር በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ቀኝ እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ጥፍሮቻቸው ውስጥ ጭቃ ገብቷል። ኢንስፔክተር ፎዚያ ደገፋ ከአዳማ ተጠርታ ቡልቡላ የደረሰችው ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሟቹን ነጠላ አልብሰዋቸዋል፤ ግቢው በወላጆች ተሞልቷል። ሰዎቹ የመጡት ለለቅሶ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ የጠሩትም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው፣ ራሳቸው አለማየሁ ነበሩ።

«ወድቀው ነው» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን አብዱልመናን። «ማማው አምስት ሜትር ያልፋል። ሮቶውን ሊያዩ ወጡ፣ እግራቸው ከዳቸው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው እኮ ነው።»

«በምን ወጡ?»

ሳጅኑ ቀና ብሎ አየ። የማማው አራት የብረት እግሮች ልሙጥ ናቸው፤ መወጣጫ የላቸውም።

«በመሰላል ይሆናላ።»

«መሰላሉ የታለ?»

መሰላሉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከመጨረሻው ክፍል ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ በተመቱ ሁለት የብረት መስቀያዎች ላይ ተጋድሞ ነበር። ረጅምና ከባድ የባሕር ዛፍ መሰላል ነው። ጫፉ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ገና በደንብ አልደረቀም። ፎዚያ በጣቷ ነካችው።

«የወደቀ ሰው መሰላል መልሶ አይሰቅልም» አለች።

መሰላሉን አስወርዳ ራሷ ማማው ላይ ወጣች። ከሮቶው አጠገብ አዲስ ሰንሰለት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ መዝጊያ ክፍት ነው። ስትወርድ የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ በቀጭን ሽቦ የታሰሩ፣ ዘይታቸው ያልለቀቀ ሦስት ቁልፎች አገኘች። ጓጉንቸሩ ግን የለም። በግቢው ያለውን ጓጉንቸር ሁሉ ሞከረች፤ አንዱም አልከፈተላትም።

ሬሳውን የመረመረው የጤና መኮንን ወደ ጎን ወሰዳት። «ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የወደቁት። ግን ወዲያው አልሞቱም። እዚህ ጋ ይዩ፤ በክርናቸው እየተሳቡ አንድ ክንድ ያህል ሄደዋል። አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይተዋል ብዬ ነው የማስበው።»

«ሰው ቢደርስላቸው ኖሮስ?»

መኮንኑ ጓንቱን አወለቀ።

ሬሳውን ያገኘችው የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ተሻለች ናት፤ የሦስት ልጆች እናት። ለስብሰባው ወንበር ልትደረድር አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ነው። የቃለ ጉባኤውን ደብተር ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ፎዚያ ፊት ተቀመጠች።

«ጋሽ አለማየሁ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል፤ ከሞጆ እስከ ሞያሌ» አለች። «ከአምስት ዓመት በፊት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሚያርሰውን የጋዲሳን ልጅ፣ ጂጂን፣ እዚሁ አስፋልቱ ላይ መኪና ገጫት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከወንዙ ውሃ ቀድታ ስትሻገር ነው። የገጫት አመለጠ። እሳቸው ከኋላ ሲመጡ ነበርና ቆመው አነሷት። እቅፋቸው ላይ ነው ያለፈችው።»

«ከዚያስ?»

«መንዳት ተዉ። ሚስታቸው ሞታባቸዋል፣ ልጆቻቸው አድገዋል፤ መጥተው እዚህ ቤት ተከራዩ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲፈለግ፣ ያው ነፃ አገልግሎት አይደል፣ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እሳቸው እዚህ የሚማር ልጅ እንኳ ሳይኖራቸው እጃቸውን አወጡ። አንድ ሰው ‹ወላጅ አይደሉም› ሲል ጋዲሳ ተነስቶ ‹የእኔ ልጅ ወላጅ ናቸው› አለ። ማን ይቃወማል?»

ጋዲሳ ከማሳው ቆርሶ መሬት ሰጠ፤ አለማየሁ በየቢሮው ተመላልሰው የትምህርት ቤቱን የውሃ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልትቀዳ አስፋልት የተሻገረች ልጅ የለችም። ሰዉም ‹የጂጂ ውሃ› አለው።

«የዛሬው ስብሰባ ስለ ምን ነበር?»

ተሻለች ደብተሩን ከፈተች። በሟቹ ትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ አንደኛ አጀንዳ፣ ውሃው። «ምንድነው ስላቸው ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አሉኝ» አለች። ከዚያ ፎዚያን አየት አድርጋ ዓይኗን ሰበረች። ፎዚያ ስትናገር የላይኛው ከንፈሯ ሥር ቡናማ የበለዙ ጥርሶቿ ይታያሉ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ምልክት ነው።

ዘበኛው ጋሽ ዱጋሳ ቀኝ እጃቸው ከክርን በታች አይታዘዝላቸውም። በር ላይ ካለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ዱጋሳ?»

«ምን ደህንነት አለ ልጄ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከፈትኩላቸው። ፌስታል ይዘዋል፣ ሰንሰለት ይንኳኳል። ሲወጡ አላየሁም። ሁሌም በኋላ በር ወደ ጋዲሳ ቤት ይሻገራሉ፤ እንደዚያ መስሎኝ ነው።»

«ሌላ ሰው ገብቷል?»

«በዚህ በር ማንም።»

«ድምፅ አልሰሙም?»

«ማማው ሩቅ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ይጮኻል።» ሽማግሌው አሰቡ። «አንድ ነገር አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እግሬን ልታጠብ ቧንቧውን ብከፍት ጠብታ የለም። ተበሳጭቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ መጣ። ዞር ብዬ ብመለከት ኖሮ...»

«መሰላሉንስ ማን ይሰቅለዋል?»

«እኔ በአንድ እጄ የት አባቴ! መምህራኑም ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ይሄዳሉ። ሠሪው ነው የሚንከባከበው። ባየው ቁጥር እየተቆጣ ያነሳዋል።»

«ሠሪው ማን ነው?»

«ጋዲሳ ነዋ።»

ርዕሰ መምህሩ ምንተስኖት ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ዓርብ ከሰዓት ቢሮው ውስጥ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁና ጠረጴዛ ሲመታ መምህራኑ ሰምተዋል።

«ስለ ስብሰባው ሰዓት ነው» አለ።

«ለስብሰባ ሰዓት ጠረጴዛ ይመታል?»

ምንተስኖት መሳቢያውን ከፈተ። የወጣው ወረቀት የላቦራቶሪ ውጤት ነው። አለማየሁ ከጉድጓዱ ቀድተው፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ ለማንም ሳይናገሩ አስመርምረውታል። ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከሚፈቀደው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

«የሁለተኛ ክፍል ልጆች ጥርስ መበለዝ ሲጀምር ነው የጠረጠሩት» አለ ርዕሰ መምህሩ። «‹ጥርሱ ይሁን፣ አጥንታቸውን እኮ ያጣምመዋል› አሉኝ። ሊዘጉት ነበር። ‹ፈተና እስኪያልቅ ይቆይ› ብዬ ለመንኳቸው። ውሃ ከሌለ ግማሹ ልጅ ይቀርብኛል! እሳቸው ‹ያወቅሁትን አላውቅም አልልም› አሉ። ‹ግን ለሕዝብ ከመናገሬ በፊት አንድ ሰው ከእኔ አፍ ሊሰማው ይገባል› ብለው ወጡ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«እርስዎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«አሥር ሰዓት ላይ በሚኒባስ ወደ ዝዋይ ሄጃለሁ፤ ባለቤቴ እዚያ ናት። ረዳቱን ይጠይቁ።»

ሳጅን አብዱልመናን ጠየቀ፤ እውነት ነበር። ተሻለችም ያን ሰዓት ገበያ ላይ በብዙ ሰው ታይታለች። የሟቹን ስልክ ሲከፍቱ ደግሞ የመጨረሻው ጥሪ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ለጋዲሳ፣ አራት ደቂቃ።

ፎዚያ በኋላ በር ወጣች። አጥሩን እንዳለፈች የጋዲሳ ሽንኩርት ማሳ ይጀምራል። እሱ ድንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ኦቦ ጋዲሳ፣ እግዜር ያጥናዎት። ትናንት ደውለውልዎት ነበር?»

«ስለ ወንበር ነው። ለስብሰባው ወንበር እንዳመጣ።»

«ከዚያ በኋላስ አገኟቸው?»

«አላገኘኋቸውም። ሐሙስ የጎረቤቴ፣ ዓርብ የእኔ የመስኖ ተራ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት እስኪመሽ ሽንኩርቴን ሳጠጣ ነበር።»

ፎዚያ ቁልቁል አየች። የጎረቤቱ ማሳ ሐሙስ ጠጥቶ ዛሬም እርጥብ ጥቁር ነው። የጋዲሳው መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ቅጠሉ ተኝቷል፤ ጫማዋን ስታነሳ አቧራ ተነሳ። ምነው ሌላ ሰው በሆነ ስትል ራሷን ያዘችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም አራተኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጋዲሳ፣ ተሻለች፣ ምንተስኖትና ጋሽ ዱጋሳ በልጆቹ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ወላጆቹ መስኮቱን ሞሉት። ፎዚያ ሦስቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አቶ አለማየሁ ብቻቸውን አልነበሩም» አለች። «መሰላሉ ተሰቅሎ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ከወደቁ በኋላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። ሰንሰለትና ጓጉንቸር ይዘው ነው የመጡት። ውሃውን ሊዘጉት ነበር፤ ዘግተውትም ነበር። ጋሽ ዱጋሳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቧንቧው ደርቆ አግኝተውታል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ተመለሰ። ማን ከፈተው? የወደቁት አለማየሁ ሊሆኑ አይችሉም። ያ ሰው እሳቸው መሬት ላይ እያሉ መሰላሉን ወጥቶ ከፍቶታል፣ ጓጉንቸሩንም ወስዷል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ውሃው እንዲፈስ።»

መስኮቱ ላይ ጉርምርምታ ተነሳ።

«በፊት በር የገባ የለም። ስለዚህ በኋላ በር ነው። መሰላሉ ከባድ ነው፤ ጋሽ ዱጋሳ አይችሉትም፤ ሌሎቹ ደግሞ አስደግፈውት ነው የሚሄዱት። ያ ሰው በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ወደ ቦታው መለሰው። ይህን የሚያደርገው ገና ሲሠራው ጀምሮ የለመደው እጅ ነው። አቶ አለማየሁ ‹አንድ ሰው ከእኔ አፍ ይስማው› ብለው ነበር። ከዚያ ወዲያ የደወሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ‹ማሳዬን ሳጠጣ ነበር› አለኝ፤ ማሳው ግን ደረቅ ነው። ገበሬ የመስኖ ተራውን በከንቱ አያሳልፍም፤ የባሰ ነገር ካልገጠመው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኦቦ ጋዲሳ።»

ጋዲሳ አልካደም። ከጃኬቱ ኪስ አንድ አዲስ ጓጉንቸር አውጥቶ ዴስኩ ላይ አስቀመጠ።

«የት እንደምጥለው ጠፋኝ» አለ። ፎዚያ ከሦስቱ ቁልፍ አንዱን ከተተችው፤ ተከፈተ።

«በስልክ ‹ና እንነጋገር› አለኝ። ስደርስ ወጥቶ ዘግቶታል። ‹ጋዲሳ፣ ውሃው መርዝ ነው› አለኝ። የልጄ ስም ያለበትን! ‹ታዲያ ወንዝ ይሂዱ? አስፋልቱን ይሻገሩ?› አልኩት። ‹ሌላ መንገድ እንፈልጋለን› አለ። ‹የቱ መንገድ? አሳየኝ!› አልኩት። ‹ገና አላገኘሁም› አለኝ። ጓጉንቸሩን መጨረሻው ክፍል ውስጥ ረስቶት ኖሮ ሊያመጣው በመሰላሉ ሲወርድ... መሰላሉን ይዤ ነቀነቅኩት። ላስፈራራው ነው። ክፈተው፣ ክፈተው እያልኩ። አለሜ ከላይ...» ቃሉ ተቋረጠ። «ሞቷል ብዬ ነው። ወላሂ ሞቷል ብዬ ነው። ወጥቼ ውሃውን ከፈትኩ፣ ጓጉንቸሩንም ከክፍሉ ወስጄ ሄድኩ።»

ፎዚያ ባትነግረውም ፍርድ ቤት መስማቱ አይቀርም።

«አልሞቱም ነበር» አለች። «አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ።»

ጋዲሳ ግንባሩን ዴስኩ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ጋሽ ዱጋሳ በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አብዱልመናን የጋዲሳን ክንድ ይዞ ሲያስወጣው ወላጆቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዲት ሴት ትከሻውን ነካችው፣ ሌላዋ ፊቷን አዞረች።

ከወጡም በኋላ ማንም አልተነሳም። ምንተስኖት የላቦራቶሪውን ወረቀት ለሁሉም አነበበላቸው። ሲጨርስ አንድ አባት በመስኮቱ ጠየቀ።

«ታዲያ ምን እንጠጣ?»

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ። «ይህን የሚከታተል ሰብሳቢ ያስፈልገናል» አለ። «ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ደጅ የሚጠና። ፈቃደኛ የሆነ?»

መስኮቱ ላይ ያሉት ራሶች አንድ በአንድ አቀረቀሩ። ፎዚያ ደብተሯን ዘጋች። ሥራዋ አልቋል፤ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል። ግን በሩ ጋ ቆመች።

ተሻለች እጇን አወጣች።

«እኔ ልሁን» አለች። «ግን ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ልክፈተው ወይስ ልዝጋው? የእኔም ሦስቱ እዚህ ናቸው።»

ሁሉም ወደ ፎዚያ ዞሩ። ከጠዋት ጀምሮ ለጥያቄው ሁሉ መልስ ያገኘችው እሷ ናትና። ፎዚያ የበለዙ ጥርሶቿን በእጇ ሸፈነች።

ተሻለች እጇን አላወረደችም።