በድንጋዩ ሥር የነበረው ጋቢ

«ይኸው ተመልከቱ!» አለ በቆርቆሮው ጡሩንባ የሚመጣው ድምፅ። «የወጨጫው ሽፍታ አለቃ እጁን ሰጠ!»

በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በተወጠረው ነጭ አቡጀዴ ላይ ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ብቅ አለ። ትከሻው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ወንበር ላይ ከተቀመጠው የጣልያን ሹም ፊት ደርሶ ተንበረከከ። ከካሚዮኑ ላይ የሲኒማው ማሽን ይንጣጣል፤ በኮልፌ ሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ትንፋሹን ውጧል።

ዱሬቲ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። አባቷ ወዬሳ ወደ ወጨጫ ተራራ ወጥቶ ከአርበኞቹ ጋር ከተቀላቀለ ዓመት አልፎታል። ሰው ሲጠይቅ «ጅማ ለንግድ ሄዷል» ይባላል። ጠያቂውም ነገሩ ገብቶት «በሰላም ይመልሰው» ብሎ ያልፋል።

ድንጋይ ተሸክሞ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለኮልፌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያጠፋ ሰው «ወይ ግደለኝ ወይ ማረኝ» ሲል ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከበደለው ጌታ እግር ሥር ይወድቃል። የቆየ የአገር ወግ ነው። አለቃው እንዲህ ከገባ የተከተሉት ምን ተስፋ አላቸው?

«ወይኔ ልጄን!» አሉ አጠገባቸው የቆሙት እማማ ዋጋነሽ። አንድ ልጃቸው ቱሉ እዚያው ተራራ ላይ ነው።

ዱሬቲም እንባዋ መጥቶ ነበር። ግን አንድ የቆየ ምክር ትዝ አላት። «አንድ ተዋናይ ሊያስለቅስሽ ሲል ፊቱን ተዪውና እጁን እዪ።» እጁን አየች። ሰውየው በቀኝ እጁ ድንጋዩን ደግፎ፣ በግራው ከሥሩ የሆነ ነገር ያስተካክላል። ተጣጥፎ የተነጠፈ ጋቢ ነበር። ተሸካሚዎች ጆንያ ከመጫናቸው በፊት ትከሻቸው እንዳይላላጥ የሚያደርጉት ዓይነት።

እንባዋ እዚያው ደረቀ።

«እማዬ፣ ትከሻውን እዪው!»

«ዝም በይ!» አለች እናቷ ወርቅአፈራሁ በጥርሷ መሀል። «ሜዳውም ጆሮ አለው።»

በማግስቱ ሐሙስ፣ ሴቶቹ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ማንም «ፍረጂ» አላላትም።

«ፍረጂ» የወንዝ ዳር ቃል ነበር። መምህር ተክለማርያም እሑድ እሑድ ለአገሬው ሰው ወደተለየው የከተማ ሲኒማ ቤት ሲሄዱ ዱሬቲን ይዘዋት ይገባሉ። እሷ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ ከዚያ ወንዝ ዳር ለሴቶቹ ታወራለች። አውርታ ስትጨርስ አንዷ «በይ እንግዲህ፣ ፍረጂ!» ትላለች። ዱሬቲም ትፈርዳለች። «ጀግናው ሲሞት ጎበዝ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ዝንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍ ፊቱን ጨማደደ።» ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ከጠላት መምጣት በፊት መምህሩ በትምህርት ቤት ተውኔት ሲያሠሩም ዱሬቲ ከመጋረጃው ጎን ቆማ የማን ድምፅ እንደተንቀጠቀጠ፣ የማን ጢም እንደተላቀቀ ትነግራቸው ነበር። ያኔ መምህሩ ራሳቸው ማንም ሳይቀጥራቸው ተውኔት እያዩ ፍርዳቸውን ለጋዜጣ ይልኩ ነበር። እጁን እዪ ያሏትም እሳቸው ናቸው። አሁን ለጣልያን ያስተረጉማሉ። ትናንት በጡሩንባው የተናገሩትም እሳቸው ነበሩ።

«ሰኞ እንጨት ለቃሚዎቹ ወደ ተራራው ይወጣሉ» አሉ እማማ ዋጋነሽ፣ የሚያጥቡትን ረስተው። «ቱሉ ወርዶ ይግባ ብዬ እልክበታለሁ። አለቃው ከገባ የኔ ልጅ ለማን ብሎ ይሞታል?»

ሴቶቹ ልብሱን አጥብቀው ማሸት ያዙ። ባለፈው ክረምት «ምሕረት አለ» ተብለው የገቡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዱሬቲ አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ቀደመቻትና እርጥብ አንሶላ ክንዷ ላይ ጣለችባት። «ይህን ጨምቂ!»

ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ዱሬቲ እማማ ዋጋነሽን መንገድ ላይ ደርሳባቸው ያየችውን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ቆመው ጉንጯን ዳሰሷት።

«ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ ያየሁት ድንጋይ ነው።»

«ድንጋዩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን...»

«እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አምኜ ልጄን በረሃ ላስቀር?»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህር ተክለማርያም ቤታቸው መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዞሩታል።

«የጣልያኑ ካፒቴን ስምሽን ሰምቷል» አሉ። «ሲኒማ የምትፈርድ ልጅ አለች ብለውታል። ፊልሙ ነገ ይደገማል። ጡሩንባውን አንቺ እንድትይዢ ይፈልጋል። ሰው የልጅ ድምፅ ያምናል ይላል።»

«ምን ልበል?»

«እኔ የምልሽን። አለቃው ገባ፣ መንግሥት መሐሪ ነው፣ ልጆቻችሁን ጥሩ። ይኸው ነው።»

«ልጄ ጉንፋን ይዟታል» አለች ወርቅአፈራሁ ፈጥና። «ድምፅም የላትም።»

«አለኝ» አለች ዱሬቲ።

መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፣ እምቢ ካለች ባለቤትዎ ጅማ ውስጥ የት እንደሚነግድ መጠየቅ ይጀምራሉ።»

ወርቅአፈራሁ ፈጥና በሩን ዘጋች።

«መምህር» አለች ዱሬቲ። «ጋቢውን አይተውታል?»

ባርኔጣው መዞሩን አቆመ። «አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት...»

«ድሮ መጥፎ ተውኔት ነው ብዬ ብጽፍ የሚቆጣኝ ደራሲው ብቻ ነበር። አሁን የሚቆጣው ጠመንጃ አለው፣ ዱሬቲ።»

ዱሬቲ ፊታቸውን ትታ እጃቸውን አየች። ጣቶቻቸው የባርኔጣውን ጠርዝ እየላጡ ነበር።

«እሺ፣ ጡሩንባውን እይዛለሁ» አለች። «ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። እንዲያውም አመሰግናቸዋለሁ።»

መምህሩ ትክ ብለው አዩዋትና ወጡ። እናቷ እስኪርቁ ጠብቃ «ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት። ዱሬቲ ግን ነጠላዋን ይዛ ወጥታለች።

የምታስፈልጋት የአንድ ሰው ፈቃድ ነበር። የዚያ ጋቢ አንድ ጥግ በእሳት ተበልቷል። በፊልሙ ላይ ቀለሙ ባይለይም የተቃጠለው ጥግ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ ጋቢ በኮልፌ ገበያ ያለው ተሸካሚው ኦቦ ገሜዳ ብቻ ነው።

የእህል በረንዳው ጥግ ጋቢውን ደርበው ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ገና ስታያቸው ተነስተው ሊሄዱ ነበር።

«ኦቦ ገሜዳ፣ እኔ ነኝ፣ የወዬሳ ልጅ።»

«አውቄሻለሁ። ለዚያም ነው የምሸሸው» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። «ካባ አለበሱኝ። ድንጋይ ጫኑብኝ። ‹ሂድ፣ ተንበርከክ› አሉኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ ረቡዕ ዕለት ከሰው ጋር ሆኜ ሳየው ነው። ሲያሠሩኝ እኮ ደጋግመው መለሱኝ! ድንጋዩ አጥንት ይሰብራል። ጋቢዬን አጥፌ ብሸጉጥ ማን ያያል ብዬ...»

«አየሁት።»

«አየሽ?» ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ግን ራሳቸውን መያዝ አልቻሉም። «ለመሆኑ... እንዴት ነበርኩ?»

«እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«መጥፎ ነበሩ፣ ኦቦ ገሜዳ። በጣም መጥፎ።»

«እግዜር ይስጥሽ!» አሉ ሰውየው፤ ፊታቸው ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ።

ልታደርግ ያሰበችውን ነገረቻቸው። አንድ ጊዜ ወደ ገበያው፣ አንድ ጊዜ ወደ ወጨጫ አዩ።

«ስሜን እንዳትጠሪ» አሉ በመጨረሻ። «ትከሻዬን ግን ጥሪው። ትከሻ ስም የለውም።»

ከዚያም ጋቢውን ከላያቸው ገፈው የተቃጠለውን ጥግ በጥርሳቸው ቀደው ጣሉት።

ቅዳሜ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አቡጀዴው ተወጠረ። ካፒቴኑ ካሚዮኑ አጠገብ ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። መምህሩ ከጎኑ ቆመዋል። ዱሬቲ ጡሩንባውን ስታነሳ ከገመተችው በላይ ከበዳት፤ አፉም እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከሕዝቡ መሀል እናቷን ፈለገቻት። ወርቅአፈራሁ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጸልየው ልጇ እንድትናገር ይሁን እንዳትናገር ለራሷም የገባት አትመስልም።

ማሽኑ ተንጣጣ። ካባ የለበሰው ሰው መጣ።

«አለቃው ገባ!» አለች ዱሬቲ። ድምፅዋ ሜዳውን ሞላው። «መንግሥት መሐሪ ነው! ልጆቻችሁን ጥሩ!»

ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

«እስቲ ደግሞ» አለች ዱሬቲ፣ ጡሩንባውን ጠበቅ አድርጋ፣ «የዚህን አለቃ ጥንቃቄ ተመልከቱልኝ! ማሩኝ ብሎ ሲመጣ እንኳ ለትከሻው አሰበ! ድንጋዩ እንዳይቆረቁረው ጋቢውን እጥፍጥፍ አድርጎ አንጥፎለታል። እዩት፣ እዩት፣ ሲንሸራተትበት በግራ እጁ መልሶ ሲያስተካክለው! አንገቱን ለሞት ያቀረበ ሰው እንዲህ ለቆዳው ሲሳሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ያለ ባለሙያ ነው! ጆንያ ቢሆን እስከ አራዳ አይወርድበትም ነበር!»

በሜዳው ላይ ያለው ዓይን ሁሉ ከድንጋዩ ወረደና ጋቢው ላይ አረፈ።

በመጀመሪያ የተሰማው እንደ ሳል ያለ ነገር ነው። እማማ ዋጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ሊጠቀጥቁ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ ሳቁ በአፍንጫቸው አመለጠ። ከኋላ፣ ከባሕር ዛፎቹ በኩል፣ አንድ ጎረምሳ ጮኸ።

«አንተ! እስከ አራዳ በስንት ታደርስልኛለህ?»

ያኔ ሜዳው ፈነዳ። ሰው እየተደጋገፈ ሳቀ። ስታለቅስ የነበረችው ሴት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ካባ የለበሰው ሰው አቡጀዴው ላይ ሲንበረከክማ «ቀስ! ቀስ! ወገብህን!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ።

ካፒቴኑ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን አለች?» ሲል መምህሩን በቋንቋው ጠየቀ።

ዱሬቲ ጡሩንባውን ዝቅ አደረገች። መምህር ተክለማርያምን አየቻቸው፤ ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን። እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

መምህሩ ረጋ ብለው በጣልያንኛ መለሱ። ዱሬቲ ከሳቸው የተማረቻት ጣልያንኛ ለዚህ አላነሰቻትም። «አለቃው ጠንቃቃና ባለሙያ ሰው ነው ብላ አመሰገነችው» ነበር ያሉት። «ሕዝቡም በመግባቱ ተደስቶ ነው የሚስቀው።»

ካፒቴኑ ወደ ሕዝቡ፣ ከዚያ ወደ አቡጀዴው ተመለከተ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ አጨበጨበ።

«ብራቫ!» አላት።

ሰኞ ጠዋት እንጨት ለቃሚዎቹ ወደ ተራራው ሲወጡ እማማ ዋጋነሽ የላኩት መልእክት ሳይሆን አዲስ ጋቢ ነበር። «ለብርድ ነው በሉት» አሉ። «ድንጋይ እንዳያስቀምጥበት።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መምህር ተክለማርያም እንደገና መጡ። ግቡ ሲባሉ አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ወዶሻል» አሉ። «የፊታችን ቅዳሜ ሌላ ፊልም አለ። ገበሬዎች ደስ ብሏቸው መንገድ ሲሠሩ ያሳያል አሉ። ጡሩንባውን እሷ ትያዝ ብሏል።» ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩ። «ግን ተርጓሚው እኔ ብቻ አይደለሁም። አንድ ቀን ሌላ ሰው ይጠይቃል። ታማለች ልበለው? እንዲህ ብል ለጊዜው ያምነኛል።»

ዱሬቲ እናቷን አየች። ወርቅአፈራሁ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እህል በአግባቡ አልቀመሰችም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር በሩን ታያለች። አሁንም ጀርባዋን ሰጥታ የታጠፈውን ልብስ ሁሉ እየፈታች እንደገና ታጥፋለች። ከልብሱ መሀል የዱሬቲን ቢጫ ቀሚስ አወጣችና ጥቂት ይዛው ቆየች።

«ይህን እንዳትለብሺ» አለች ሳትዞር። «ከሩቅ ይታያል። የኔን ጥቁሩን አሳጥርልሻለሁ።»

ከዚያ መርፌና ክር ፍለጋ ጎንበስ አለች።

ዱሬቲ ወደ ደጃፉ ተመለሰች።

«ደህና ናት ይበሉት፣ መምህር» አለች። «ደግሞም ወደ አቡጀዴው ጠጋ ያድርጉኝ። የመንገድ ሠራተኞቹን እጅ በደንብ ማየት አለብኝ።»