ኔንዳክ የተዋሰው ድምፅ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም.፣ በግንቦት ማለቂያ፣ የላያር ወንዝ ጎድሎ ጠጠሩን ማሳየት በጀመረበት ሰሞን፣ በአንድ ረጅም ቤት አብረው ለሚኖሩት የኢባን ጎሣ ሰዎች ለአዲስ እርሻ ጫካ የሚመነጥሩበት ጊዜ ደረሰ፤ ወፍ ሳይፈቅድ መጥረቢያ አይነሣምና የወፎችን ድምፅ እየሰሙ የሚፈርዱት የወፎች ዳኛ፣ አኪ (አያት) የሚባሉት ሜሊንታንግ፣ መሬቱን ሁሉ እየዞሩ አደመጡ። አርባ ዓመት በዚሁ ማዕረግ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ።

በሚንዱ መሬት ላይ የሰሙት የኬቱፖንግን ድምፅ ነው። ኬቱፖንግ፣ ያ ትንሽ ግንደ ቆርቁር፣ ትኩስ ወፍ ነው፤ ለጦርነት ይበጃል፤ የእርሻን ሩዝ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ መሬቱ ይተው ተባለ። ሚንዱ ባሏ ባለፈው ዓመት ከመንግሥት ዘመቻ ጋር ወደ ላይኛው ወንዝ ሄዶ በኮሌራ የቀረባት ሴት ናት፤ ብቻዋን ልትመነጥረው የምትችለው ሌላ መሬት አልነበራትም፤ በጎተራ የቀራት ሩዝም ለመከር አያደርሳትም።

ሦስት ማለዳ ከጫካው ገብታ ወፉን ልታይ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን አኪ ሜሊንታንግ በረንዳው ላይ የዓሣ ወጥመድ ሲጠግኑ መጣች።

«አኪ፣ ያ ኬቱፖንግ ኬቱፖንግ አይደለም። ኔንዳክ ነው።»

«እኔን ወፍ ልታስተምሪኝ ነው እንዴ?»

«ጆሮዎን አላማሁም። ሌባው ወፉ ነው።»

ጎረቤቷ ሳዋይ ከምንጣፍ ሥራዋ ቀና አለች። «ሁለቱም የአምላካችን የሲንጋላንግ ቡሮንግ አማቾች አይደሉ? አማች የአማችን ድምፅ ቢሰርቅ ምን ይገርማል! የእኔዎቹ ግልድማቸውን ይሰራረቁ የለ!»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «የተሰማ ተሰምቷል። ወፍ ይደመጣል እንጂ አይታይም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ። ከዚያ ተዪው ካሉኝ እተዋለሁ።»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ኔንዳክ ከመሬት ብዙ ባልራቀ ቅርንጫፍ ላይ ነበር፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም፣ ከወገቡ ላይ ነጭ፤ ረጅም ጅራቱን ወደ ላይ ይሰብቃል። ወርዶ ከረገፈው ቅጠል መካከል ትል ለቀመ፤ ተመልሶም ጉሮሮውን ነፋ። የወጣው የኬቱፖንግ ጩኸት ነው። ወዲያው የራሱን ለስላሳ ዜማ ቀጠለበት።

ሽማግሌው ግንድ ላይ ቁጭ አሉ። ባለፈው ዓመት የዘመቻው ጀልባዎች ሊነሡ ሲሉ በስተቀኝ ኬቱፖንግን ሰምተው «ሂዱ» ያሉት እርሳቸው ነበሩ፤ ከሄዱት ሃያ ሦስት ወንዶች የተመለሱት ዘጠኝ ናቸው።

«ያን ቀንስ?» አሉ በመጨረሻ። «ከወንዙ ዳር የሰማሁትስ? አንቺ ምን ሰማሽ?»

ሚንዱ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ማለዳ ጀምሮ ስትፈራው ነበር።

«ያን ቀን ወፍ አልሰማሁም፣ አኪ። ስንቁን እቋጥርለት ነበር።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሽማግሌው በሕዝቡ ፊት ቆሙ። «ድምፁ የኬቱፖንግ ነው፤ አፉ የኔንዳክ። ኔንዳክ ደግሞ ቀዝቃዛ ወፍ ነው፤ እርሻን አያቃጥልም። ተሳስቻለሁ፤ ሚንዱ ትመንጥር።»

«የጀልባዎቹስ ነገር?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እሱን አላውቅም። ከዛሬ ወዲያ ዳኛ አትበሉኝ።»

ሚንዱ መጥረቢያዋን አነሣች። «እንግዲያው ነገ የመጀመሪያው ዛፍ ሲቆረጥ ማን ሊያደምጥልኝ ነው? በማለዳ ይምጡ፣ አኪ፤ እንዳያስጠብቁኝ።»

መጡም። በዚያ ዓመት መሬቱ ሩዝ ሰጠ።

የዘመቻው ታሪክ የጀልባዎቹን ብዛት መዝግቧል፤ የሞቱትንም በግምት ቆጥሯል። ኔንዳክ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እንደሚቀዳም ሊቃውንት ጽፈዋል። አኪ ሜሊንታንግ እስኪሞቱ ድረስ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ይመለከቱ እንደነበር ግን የጻፈ የለም፤ ያ ልማድ ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ። ጀልባዎቹ በተነሡ ቀን በወንዙ ዳር የጮኸው የትኛው ወፍ እንደሆነም የሚያውቅ አልተገኘም።