ንጹሕ ቱታ የለበሰው ሟች

ሟቹ የተጋደመው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ባረፉበት የገጠር ትምህርት ቤት፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ነበር። የሰደድ እሳቱን በማጥፋት ሊያግዙ ከሩቅ ከተማ ከተላኩት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ጓደኞቹ «ፍልቅልቁ» ይሉት ነበር።

መርማሪዋ በሩን ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች። የሸተታት ሬሳው አልነበረም፤ ከሞተ ገና ሁለት ሰዓቱ ነው። እርጥብ ካልሲ፣ የሻገተ ዳቦ፣ ሞልቶ የፈሰሰ ሽንት ቤት ነበር የሸተታት። ጥግ ላይ የተቀመጠውን የውሃ ጄሪካን ከፍታ አሸተተች። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ይኼን ነው የምትጠጡት?»

«ሌላ ከየት ይምጣ እትዬ?» አለ የሟቹ የቅርብ ጓደኛ፣ ሰንበሌጥ የሚሉት ቀጭን ሰው። «ፍልቅልቁማ ‹እስከ ቅዳሜ እንደ መኪና እንነሳለን› እያለ ያስቀን ነበር።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠዋት ለሰደድ እሳት የመጣውን አዲሱን ስስ ቱታ ሰጥቼው ከገደሉ ማዶ ብቻውን መደብኩት። ደከመኝ ሲል በመኪናዬ አመጣሁት። በተኛበት ልቡ ቆመ፤ የፈጣሪ ሥራ ነው። እባክዎ ይፈርሙልኝና ልጆቹ ይውጡ።»

ደጅ የቆመው መኪና ሞተሩ ተነስቷል። ደጅ የሚጠብቁት አሥሩ ሠራተኞችም ሰንበሌጥም ወፍራም ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል። የከተማ ቤት ሲቃጠል ለሩብ ሰዓት የሚለበስ ካፖርት ነው፤ እነሱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይና እሳት መሃል ለብሰውት ውለዋል። እሷ ከፈረመች እንደዚያው ለብሰው ወደ እሳቱ ይመለሳሉ።

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ብብት ዳሰሰች። አሁንም ይፋጃል፤ ዝም ብሎ ልቡ የቆመ ሰው ገላ አይደለም።

«ሁላችሁም ግቡ። ሞተሩንም አጥፉት።»

ገቡ። የላባቸው ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ፊቱን እዩ፤ ከሰል መስሏል። አንገቱን ግን ጥቀርሻ አልነካውም። የቱታው ኮሌታ ሰፊ ነው፤ ይህን ለብሶ ሠርቶ ቢሆን አንገቱም ይጠቁር ነበር። አንገት የሚሸፍነው የእናንተ ካፖርት ነው። ቱታውን ያለበሱት ከሞተ በኋላ ነው።»

አለቃው ፈጠን አለ። «እንግዲያው እነዚህ ናቸዋ! እኔን ሊያስወነጅሉ።»

«ሰንበሌጥ፣ እስቲ እጅህን።»

እጁ እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል። «በምን ልታጠብ እትዬ?»

«የአሥራ አንዱም እጅ እንደዚሁ ነው። ዚፑ ላይ ግን የጣት አሻራ የሚያህል ጥቀርሻ የለም። ያለበሰው ሰው እጁ ንጹሕ ነው።»

ሁሉም ከኋላቸው ተከትሎ ወደ ገባው የዕቃ ቤት ጠባቂ ዞሩ። ቀኝ ክንዱ እስከ ጣቶቹ ጄሶ ታስሯል።

«በአንድ እጁ ሬሳ አገላብጦ አያለብስም» አለች። «ቁልፉን ለማን ሰጠህ?»

ጠባቂው ጫማውን አየ። «ለአለቃ።»

«በሬዲዮ ሦስቴ ሰምተነዋል» አለ ሰንበሌጥ። «‹ነደድኩ፣ ልመለስ› አለ። እሳቸው ‹ቦታህን እንዳትለቅ› አሉት።»

«የአለቃህን መኪና ፈትሽ።»

ሰንበሌጥ የፍልቅልቁን ካፖርት ይዞ ተመለሰ። ከኋላ ወንበር ሥር ነበር። ሲያነሳው ላብ ተንጠባጠበ።

አለቃው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ነገ ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ። ቱታዎቹ ለፎቶ ንጹሕ ሆነው ይቆዩ ተባልኩ። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲሞትስ?»

አለቃው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። መርማሪዋ እጇን ዘረጋች። ቁልፉን አስረከባት።

ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ቱታዎቹ በላስቲክ እንደታሸጉ ተደርድረው ነበር። ሰንበሌጥ በጥቁር ጣቱ እየነካ ቆጠረ። አሥራ አንድ። ከዚያ ዞሮ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ያለውን አየ።

«ለሁላችንም ይበቃ ነበር» አለ።